ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት፦ የቤት ውስጥ መዋኛ ገንዳን በመሬት ሙቀት ስናሞቅ ያየነው

ይህን የምጽፈው በተለይ በሕንፃ ጥገና ለምትሠሩ ወገኖቼ ነው። በሚኒሶታም ሆነ በሲያትል፣ በዴንቨርም ሆነ በስቶክሆልም፣ በየሆቴሉ፣ በየሆስፒታሉና በየመዝናኛ ማዕከሉ ማሽን ክፍል ውስጥ የሐበሻ ልጅ አይጠፋም። ብዙዎቻችን ሙያውን የለመድነው በቦይለር፣ ማለትም ነዳጅ አቃጥሎ ውሃ በሚያሞቅ ማሽን ነው። አሁን ግን በየቦታው ቦይለሩ እየወጣ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወስዶ ወደ ሌላ የሚያሸጋግር ማሽን እየገባ ነው። እኔ የምሠራበት የማኅበረሰብ መዝናኛ ማዕከል ከሚኒያፖሊስ ብዙም አይርቅም። ባለ 25 ሜትር የመዋኛ ገንዳ፣ አጠገቡ ሞቅ ያለ አነስተኛ የሕፃናት ገንዳ፣ ጂምና የመሰብሰቢያ አዳራሾች አሉት። ያረጀው የጋዝ ቦይለር ወጥቶ በመሬት ሙቀት የሚሠራ ሲስተም ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን የብርድ ወቅቶች ያሳለፍናቸው በጭንቅ ነው። ዛሬ ሲስተሙ በደንብ ይሠራል። ከዚያ ሁሉ ጭንቅ አብዛኛው ግን ገና ከመነሻው ሊቀር የሚችል ነበር።

ለአገር ቤት ሰው «ገንዳውን የምናሞቀው በመሬት ሙቀት ነው» ስል ወዲያው ፍልውሃ ትዝ ይለዋል። ፍልውሃ፣ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት ከመሬት የሚወጣው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው። የአዲስ አበባው ሒልተን ገንዳም በዚያው በተፈጥሮ ፍል ውሃ ነው የታወቀው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ስጦታ የለም። ሚኒያፖሊስ አካባቢ ወደ መሬት ጥቂት አሥር ሜትሮች ሲወረድ ሙቀቱ በጋ ከክረምት ሳይል 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እጅ ቢነከርበት ያንቀጠቅጣል። ውጪው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ በሚሆንበት የጥር ሌሊት ግን ይህ 10 ዲግሪ ትልቅ ሀብት ነው። በጥልቅ በተቆፈሩ ቀጫጭን ጉድጓዶች ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል፤ በቱቦው ውስጥ አንቱፍሪዝ (ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ) የተቀላቀለበት ውሃ ይዞራል። ውሃው ከመሬቱ የቀሰመውን ሙቀት ለሂት ፓምፑ ያስረክባል፤ ኮምፕሬሰሩ (የሂት ፓምፑ መጭመቂያ) ደግሞ ያንን ዝቅተኛ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ለገንዳው ይሰጣል። ነገሩ በደንብ ከተሠራ ለምትከፍሉበት አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት ወይም አራት እጅ ሙቀት ታገኛላችሁ።

ሲስተሙ ሥራ የጀመረው በበልግ ነበር፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ጊዜ ማለቴ ነው። የጋዝ ሒሳቡ ወዲያው ወረደ፣ የማዕከሉ ቦርድ ተደሰተ፣ የአካባቢው ሰዎች ማሽኑን ሊያዩ መጡ። መሬቱ ገና ሙቀቱ ስላልተወሰደበት ሲስተሙ ያለ ችግር ሠራ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ውጤት አትመኑ። ማንኛውም በመሬት ሙቀት የሚሠራ ሲስተም በመጀመሪያው መስከረምና ጥቅምት ጎበዝ ነው።

ቅዝቃዜው ሲበረታ ከጉድጓዶቹ የሚመለሰው ውሃ ከሳምንት ሳምንት እየቀዘቀዘ መጣ። በጥር ወር ዜሮን ነካ፤ ማሽኖቹም ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ መጥፋት ጀመሩ። እናስነሳቸዋለን፣ ጥቂት ሰዓት ይሠራሉ፣ ደግመው ይጠፋሉ። በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ ገና ከመነሻው ከቀድሞው ቀዝቅዞ ስለጠበቀን ችግሩ ቀደም ብሎ፣ ብሶም መጣ። ገንዳው ከ28 ወደ 25 ዲግሪ ወረደ። ለውድድር ዋናተኛ ይህ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። የሕፃናቱ ትምህርት ግን ቆመ፤ ከዚያም የአዛውንቶቹ የውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ ተሰረዘ። ከነዚያ አዛውንቶች መካከል ለጉልበታቸው ብለው የሚመጡ የእኛው አገር እናቶች ነበሩ። አንደኛዋ በየጠዋቱ በር ላይ ሲያገኙኝ «የኔ ልጅ፣ ውሃው ዛሬም አልሞቀም?» ይሉኝ ነበር። ከቦርድ ስብሰባው ሁሉ ይልቅ የከበደኝ ያ ጥያቄ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሆነውን አስቀድማችሁ እወቁት። ቆፋሪው ጥፋቱ የማሽኑ ነው ይላል። ማሽኑን ያቀረበው ክፍል ዲዛይኑ ነው ይላል። ዲዛይነሩ ደግሞ «አያያዛችሁ ነው» ይላል። ቦርዱ ውስጥ ሁሉንም ነቅሎ ወደ ጋዝ ስለመመለስ መነጋገር ተጀመረ፤ ውድ ኪራይ ያለው ጊዜያዊ ቦይለር በተሽከርካሪ መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። በዚህ ወቅት ማን ትክክል እንደሆነ በክርክር የሚለይ ነገር የለም። የሚለየው ቁጥር ነው። ከዋናው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ላይ በየሰዓቱ የሚመዘገቡ ነገሮችን መረጥን፦ ከመሬቱ የሚመጣው ውሃ ሙቀት፣ ወደ መሬቱ የሚመለሰው፣ የገንዳው ውሃ ሙቀት፣ የአዳራሹ አየር ሙቀትና እርጥበት፣ የእያንዳንዱ ኮምፕሬሰር የሥራ ሰዓትና የበላው ኤሌክትሪክ። ይህ መዝገብ በእጃችሁ ከሌለ ዛሬውኑ ጀምሩት፤ ምንም ችግር ባይኖርባችሁም። ችግር ሲመጣ ጤነኛው ጊዜ ምን እንደሚመስል ማሳየት የምትችሉት እንዲያ ብቻ ነው።

ነገሩ የተገለጠልን የሌሊቱን መዝገብ ስናይ ነው። ማንም በማይዋኝበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ፣ ማሽኖቹ ከቀኑ ያላነሰ ይሠሩ ነበር። ገንዳው ሰው ሳይገባበት ሙቀቱን እየጣለ ነበር ማለት ነው። ወዴት?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነውና። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ቤት ውስጥ ያለ ገንዳ ከሚያጣው ሙቀት ወደ 70 በመቶው የሚሄደው በትነት ነው፤ 27 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ያንን እርጥበት ለማስወጣት በሚደረገው የአየር ለውጥ። በግድግዳና በወለል የሚሰርገው እዚህ ግባ አይባልም። አንድ ኪሎ ውሃ ተንኖ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ሙቀት፣ ያንኑ አንድ ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከ500 እጥፍ በላይ ነው። እኛ ግን፣ ዲዛይነሩም ጭምር፣ ስናስብ የነበረው ስለ ውሃ ማሞቅ ብቻ ነበር። 500 ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ ገንዳ በ1 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 580 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይበቃል፤ ይህ አንዴ የሚከፈል ዋጋ ነው። ትነቱ ግን በየሰዓቱ፣ በየሌሊቱ፣ ዓመቱን ሙሉ ያስከፍላል። ስለዚህ በገንዳ አዳራሽ ውስጥ ሥራችሁ ከውሃው በላይ ከአየሩ ጋር ነው።

የእኛ አዳራሽ አየር በሌሊት ምን እየሆነ እንደነበር ስናይ ምክንያቱ ወጣ። መቆጣጠሪያውን ፕሮግራም ያደረጉት ሰዎች የገንዳውን አዳራሽ ልክ እንደ ቢሮዎቹ አድርገው ነበር ያዩት፤ ሰው ሲወጣ የአየሩ ሙቀት እንዲወርድ። ለቢሮ ይህ ቁጠባ ነው። ለገንዳ አዳራሽ ግን ተቃራኒው ነው። አየሩ ከውሃው ሲቀዘቅዝ ትነቱ ይፈጥናል፤ መስኮቱና የጣራው ብረት ጤዛ ያዝላል፤ እርጥበቱን ለማስወጣት የአየር ማሽኑ ይበልጥ ይሮጣል፤ ገንዳው ደግሞ የተነነበትን ሙቀት ከሂት ፓምፑ፣ ሂት ፓምፑም ከመሬቱ ይጠይቃል። የአየሩ ሙቀት ቀንም ሌሊትም ከውሃው በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ እርጥበቱም ከ50 እስከ 60 በመቶ ባለው መካከል መቆየት አለበት። ይህን ፕሮግራም ማስተካከል ምንም ወጪ አልጠየቀም። ያመጣው ለውጥ ግን በሳምንት ውስጥ በመዝገቡ ላይ ታየ።

ሁለተኛው ችግር የገንዳው ሽፋን ነበር። ማዕከሉ ሽፋን ነበረው። መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። በእጅ የሚዞረው መጠቅለያ ከባድ ስለሆነ ማታ የሚዘጉት ወጣቶች ትተውታል፤ ሊፈረድባቸውም አይገባም። በሞተር የሚዞር መጠቅለያ ተገዛ፤ ሽፋኑን ማልበስም በመዝጊያ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ገንዳ መሸፈን ከማሞቂያ ወጪው ከ50 እስከ 70 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ያው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ይናገራል። እኔ እንደማየው በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ከሚፈጅ ቁፋሮ በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ እርሱ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ማንም ሰው፣ ዋናተኞችን የሚጠብቁት ነፍስ አድን ጠባቂዎችም ቢሆኑ፣ ወደ ውሃው አይግባ። በግማሽ የተሸፈነ ገንዳ ሰው ይዞ ያስቀራል።

ቁጠባው ሲጣፍጥ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ከውጪ የሚገባውን ንጹሕ አየር በመቀነስ ሙቀት እንቆጥብ የሚል ሐሳብ መጣና ለጥቂት ጊዜ ተሞከረ። ጠባቂዎቹ ማሳል ጀመሩ፣ ዓይናቸው ቀላ፣ አዳራሹ «ክሎሪን ክሎሪን» ሸተተ። ብዙ ሰው ያ ሽታ የንጽሕና ምልክት ይመስለዋል። ሽታው የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ከሚፈጥረው ክሎራሚን ነው፤ እርሱም ልክ ዋናተኛው በሚተነፍስበት ቦታ፣ ከውሃው ወለል በላይ ይንሳፈፋል። ክሎራሚኑ ሳምባን ብቻ ሳይሆን ብረትንም ይበላል። በ1985 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ኡስተር ከተማ የአንድ የቤት ውስጥ ገንዳ የኮንክሪት ኮርኒስ ወድቆ 12 ሰዎች ሞተዋል፤ ኮርኒሱን የያዙት ማንጠልጠያዎች የማይዝግ ከሚባለው ብረት የተሠሩ ነበሩ፤ በአዳራሹ አየር ተበልተው ተሰነጣጠቁ። ስለዚህ የውጪውን አየር አትቀንሱ። ይልቅ የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው እንዲያወርስ የሚያደርግ መሣሪያ አስገጥሙ፤ ዋናተኞችም ከመግባታቸው በፊት እንዲታጠቡ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ከሌላ ነገር ጋር የተዋሃደው ክሎሪን ከ0.4 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 0.4 እጅ) ሲያልፍ ውሃው ላይ አንድ ነገር መደረግ አለበት።

ሦስተኛው ችግር ቱቦው ላይ ነበር። ዲዛይኑ ገንዳውንም፣ የሻወሩንም ሙቅ ውሃ በአንድ መስመር ያገናኝ ነበር። የሻወር ውሃ የሚጠራቀምበት ታንክ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ እንዳይራባበት 60 ዲግሪ ድረስ መሞቅ አለበት፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም፣ ባክቴሪያው ሰው ይገድላል። ገንዳው ግን ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ ውሃ ይበቃዋል። በአንድ መስመር ስለተያያዙ ማሽኖቹ ለሁሉም 60 ዲግሪ ለመስጠት ቀን ከሌሊት ይደክሙ ነበር። ሂት ፓምፕ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ላይ ባወጣ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። ከመሬት ተነስቶ እስከ 35 ወይም 40 ሲያደርስ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ አራት እጅ የሚሰጠው ማሽን፣ 60 ሲባል ወደ ሁለት ተኩል ይወርዳል። መስመሮቹ ተለያዩ። ለሻወር የራሱ አነስተኛ ማሞቂያ ገባ፤ ትልልቆቹ ማሽኖች ለገንዳውና ለአየሩ ብቻ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲሠሩ ሆኑ። ፕላን ሲቀርብላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ገንዳው የሚሞቀው በስንት ዲግሪ ውሃ ነው? መልሱ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ዲዛይነሩ ይመለስ።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለውም መሬቱ ገና አላገገመም ነበር። ምክንያቱን ያገኘነው በበጋ ነው። የገንዳው እርጥበት ማድረቂያ ማሽን አየሩን ሲያደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጂሙና አዳራሾቹም በሐምሌ ሲቀዘቅዙ ሙቀት ያወጣሉ። ይህ ሁሉ ሙቀት ጣራ ላይ ባለ ማራገቢያ ወደ ሰማይ እየተበተነ ነበር። ከመሬቱ በብርድ ወራት እንወስዳለን፣ በበጋ ግን አንመልስም። መሬት እንደ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው የደረሰው ሰው መክፈሉን ካቆመ ዕቁቡ ይፈርሳል። እንደ ሚኒሶታ ባለ ቀዝቃዛ አገር፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ ሙቀት የሚፈልግ ገንዳ ባለበት ሕንፃ፣ መሬቱ ከዓመት ዓመት እየቀዘቀዘ መሄዱ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ካልተመለሰለት በቀር።

ስለዚህ ማድረቂያ ማሽኑና የጂሙ ማቀዝቀዣ ከጉድጓዶቹ መስመር ጋር ተገናኙ። አሁን ማድረቂያው የሚያወጣው ሙቀት መጀመሪያ ወደ ገንዳው ይሄዳል፣ ገንዳው ሲጠግብ ወደ መሬቱ ይወርዳል። በቀጣዩ የካቲት ከጉድጓዶቹ የተመለሰው ውሃ ከዜሮ በላይ ረጋ ብሎ ቆየ፤ ማሽኖቹም መጥፋት አቆሙ። ትልልቆቹ ሲስተሞች የሚኖሩት በዚህ ሚዛን ነው። በኢንዲያና ያለው ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሺዎች በሚቆጠሩ ጉድጓዶች ግቢውን በሙሉ ያሞቃልም ያቀዘቅዛልም፤ እዚሁ ሚኒሶታ ኖርዝፊልድ ያለው ካርልተን ኮሌጅም የድሮውን የእንፋሎት ሲስተም ትቶ ወደዚሁ ዞሯል። በአጠገባችሁ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ካለ ደግሞ ታላቅ ዕድል ነው። በረዶ ለመሥራት ዓመቱን ሙሉ የሚወጣው ሙቀት ገንዳ የሚፈልገው ሙቀት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያላሰበ ከተማ ገንዘቡን ወደ አየር ይበትናል።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስና ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ምን መደረግ እንደነበረበት ልንገራችሁ። የእኛ ጉድጓዶች ብዛት የተወሰነው ከሠንጠረዥ ላይ በተወሰደ ግምት ነው። አንድ ጉድጓድ ብቻ አስቀድሞ ተቆፍሮ፣ ለሁለት ቀን ያህል የሚታወቅ መጠን ያለው ሙቀት እየተሰጠው መሬቱ ሙቀቱን እንዴት እንደሚቀበል የሚለካበት ምርመራ አለ። አሸዋና ሸክላ አንድ አይደሉም፤ ውሃ የሚያልፍበት ድንጋይና ደረቅ ድንጋይ አንድ አይደሉም። የምርመራው ዋጋ ከጠቅላላው ሥራ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ዲዛይነሩ «አያስፈልግም፣ አካባቢውን እናውቀዋለን» ካላችሁ በጨዋ ቋንቋ እንቢ በሉ። የጉድጓዶቹ መራራቅም ስድስት ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ተጠጋግተው ከተቆፈሩ አንዱ የሌላውን ሙቀት ይሻማል። ሚኒሶታ ውስጥ ለእነዚህ ጉድጓዶች ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ ጤና መሥሪያ ቤት ነው፤ ከመሬት በታች ያለው የመጠጥ ውሃ እንዳይበከል ጉድጓዱ በምን እንደሚሞላና ምን ዓይነት አንቱፍሪዝ እንደሚገባ ይቆጣጠራል። ወረቀቶቹን ቅጂ ጠይቁና በእጃችሁ አኑሩ።

ሌላው፣ የቀዝቃዛውን ወር ከፍተኛ ጭነት በሙሉ ሂት ፓምፑ ይሸከም ብላችሁ አትጨነቁ። ያ ጭነት የሚመጣው በዓመት ለጥቂት ቀናት ነው፤ ለነዚያ ቀናት ሲባል ተጨማሪ ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ ይበላል። እኛ ጋ አሮጌው ቦይለር ከነመሠረቱ ተነቅሎ ስለነበር በችግራችን ጊዜ መጠጊያ አልነበረንም። አሁን አነስተኛ የጋዝ ቦይለር በመጠባበቂያነት ቆሟል። ሥራ ፈትቶ ቢከርምም ብዙ አያስከፍልም፤ እርሱ መኖሩ ለእኔ የእንቅልፍ ጉዳይ ነው።

በየቀኑ ማሽን ክፍል ለምትውሉ ደግሞ ጥቂት ነገር። የገንዳ ውሃ በቀጥታ ወደ ሂት ፓምፑ መግባት የለበትም፤ በመካከል የሙቀት መለዋወጫ ይኑር፣ እርሱም ከታይታኒየም የተሠራ ይሁን። መዳብ በክሎሪንና በአሲድነት ቶሎ ይበላል፤ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.2 ሲወርድ ደግሞ ይብስበታል። ክሎሪኑና አሲዱ ወደ ቱቦው የሚገቡበት ነጥብ ከሙቀት መለዋወጫው በኋላ መሆን አለበት፤ ቱቦውን በዓይናችሁ ተከትላችሁ አረጋግጡ፣ ሥዕሉን አትመኑ። የገንዳው ፓምፕ ሲቆም የኬሚካል ፓምፖቹም አብረው እንዲቆሙ የሚያደርገው መቆለፊያ መሥራቱን በየጊዜው ሞክሩ። ካልሠራ ክሎሪኑና አሲዱ በቆመ ውሃ ውስጥ ተገናኝተው መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ፓምፑ ሲነሳ ጋዙ ገንዳው ውስጥ ላሉት ልጆች ይደርሳል።

በመለዋወጫው ሁለት ወገን ያለውን የሙቀት ልዩነትም መዝግቡ። ቀስ በቀስ እየሰፋ ከሄደ ውስጡ ኖራ ይዟል ማለት ነው፤ የሚኒሶታ ውሃ ኖራማ ነው። ማሽኑ በከፍተኛ ግፊት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮምፕሬሰሩ ነው። እባካችሁ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ወንፊቱንና መለዋወጫውን እዩ። በመሬቱ መስመር በኩል ደግሞ የምትሰሙት የመንቆርቆር ድምፅ ካለ ቱቦው ውስጥ አየር ቀርቷል። አየሩን የሚያወጣው የተለመደው የማዞሪያ ፓምፕ አይደለም፤ ውሃውን በሰከንድ ቢያንስ 0.6 ሜትር የሚያስሮጥ ትልቅ ማጠቢያ ፓምፕ ያስፈልጋል። ሥራውን ስትረከቡ ይህ ማጠብ መደረጉን ቆማችሁ እዩ።

ስለ ገንዘብ። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው የኢንፍሌሽን ሪዳክሽን ሕግ ግብር የማይከፍሉ ከተማዎች፣ ትምህርት ቤቶችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች በመሬት ሙቀት ለሚሠራ ሂት ፓምፕ የወጣውን ወጪ ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ እንዲመለስላቸው መንገድ ከፍቷል። ይህ የራሳቸው ሕንፃ ላላቸው አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራትም ይሠራል፤ የኛዎቹንም ጨምሮ። ገንዘቡ ግን በራሱ አይመጣም። ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት በግብር መሥሪያ ቤቱ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሠራተኛ ደመወዝን የሚመለከቱ ግዴታዎችም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሕጉም ተሻሽሎ ያውቃል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጉዳዩን የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ጋር ተቀመጡ። ከተፈረመ በኋላ የሚስተካከል ብዙ ነገር የለም።

አዲስ አበባ ሆቴል ያላቸው ሰዎች «ለእኛስ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ፍል ውሃ በሚወጣበት ቦታ ያለ ሰው ሂት ፓምፕ ሳያስፈልገው በሙቀት መለዋወጫ ብቻ ገንዳውን ማሞቅ ይችላል። ፍል ውሃ በሌለበት ደግሞ የአዲስ አበባ አየር እንደ ሚኒሶታ ስለማይከፋ፣ ጉድጓድ ሳይቆፈር ከአየር ሙቀት የሚወስደው ቀለል ያለ ሂት ፓምፕ ይበቃል። ሽፋኑ ግን የትም አገር ያስፈልጋል። የደጋ ሌሊት ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሳይሸፈን ያደረ ገንዳ ጠዋት ቀዝቅዞ ነው የሚገኘው።

የመጨረሻው የካርታ ጉዳይ ነው። የእኛ ጉድጓዶች ያሉት በመኪና ማቆሚያው ሥር ነው፤ ከላይ አስፋልት ስለተነጠፈ ምንም ምልክት አይታይም። በቅርቡ የመብራት ምሰሶ ሊተከል ሰዎች መጥተው መቆፈሪያቸውን አስነስተው ነበር። ከቱቦዎቹ ጋር አብሮ የተቀበረው የመፈለጊያ ሽቦና፣ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ርቀት ከሕንፃው ጥግ በሜትር የተጻፈበት ሥዕል ስለነበረን ምሰሶው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ተቋራጩ ሥራውን ሲያስረክብ እንዲህ ያለ ሥዕል፣ የምርመራውን ውጤት፣ የአንቱፍሪዙን ዓይነትና መጠን፣ የመጀመሪያውን ቀን የግፊትና የሙቀት ንባብ ካልሰጣችሁ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ። አንዱን ቅጂ ማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ስቀሉት፤ ሌላውን ከማሽን ክፍሉ ውጪ፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት።